በባጃጅ የመጣው የእርቅ ደብዳቤ

የጥብቅና ፈቃዴን ከመለስኩ ወዲህ ጠዋት ጠዋት፣ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ዛፎቹ ሥር እግሬን አፍታታለሁ። ባለፈው ሰሞን ቢሮዬን የተረከበው ወጣት ጠበቃ መንገድ ላይ አገኘኝና ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። ደንበኛው በቤት ክርክር ተከሷል። ለከሳሿ የእርቅ ሐሳብ በቴሌግራም ልኮላታል፤ ቤቱን እንዲህ አድርገን እንካፈል፣ ትንሽ ጊዜ ስጪን የሚል። መልሷ ከሥሩ ተቀምጧል፦ አውራ ጣቱ ወደ ታች የተቀሰረ ቢጫ እጅ። ሌላ ቃል የለም።

"ይኼ መልስ ነው?" አልኩት።

"መልስ ነው እንጂ አልማዝ። ቀኑም ሰዓቱም አለበት። ነገ ብትረታን እንኳ የክርክሩን ወጪና ኪሳራ ማን ይክፈል ሲባል አወጣዋለሁ።"

ክው አልኩ። ልጁ አላጠፋም፤ በሕጉ በኩል ካየነው ልክ ነው። እኔን ያስደነገጠኝ ፊቱ ነው። አንዲት ሴት ስለ መኖሪያ ቤቷ "አልታረቅም" ስትል ለምን እንዳለች ትንሽ እንኳ አላሰበበትም። ስልኩን ኪሱ ከተተና "በይ ደህና ዋይ" ብሎኝ ሄደ። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

ድሮም ደንጋጣ ነኝ። እናቴ "ይቺ ልጅ በር ሲንኳኳ ትዘላለች" ትል ነበር። ፍርድ ቤት ውስጥ ሥራ መያዜን ስትሰማ የሳቀችው ለዚህ ነው። ሌላው ጡረተኛ ሹመቱን ወይም ያሸነፈውን ጉዳይ ሲያወራ እኔ የማስታውሰው የደነገጥኩባቸውን ቀናት ነው።

መጀመሪያ የተቀጠርኩት መዝገብ ቤት ነበር። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ቤታችን ውስጥ ከባቡር ውጪ ያለ ሥራ እንደ ሥራ አይቆጠርም ነበር። ደመወዙም አባቴን የሚያሳፍር አልነበረም ለማለት አልደፍርም፤ እሱን ልተወው። የመዝገብ ቤቱ አለቃዬ ባለጉዳይን በስሙ ጠርቶ አያውቅም፤ በመዝገብ ቁጥሩ ነው የሚጠራው። ገበያ ውስጥ እንኳ ባለጉዳይ ሲያገኝ ቁጥሩን ጠርቶ "እንዴት ነህ" ይላል። ሰዉም ለምዶት አቤት ይል ነበር።

መዝገብ ቤት ብዙ ያስተምራል። ቀጭን ሆኖ የሚዘጋ መዝገብ አለ፤ ለማንሳት ሁለት እጅ የሚጠይቅም አለ። ወፍራሞቹን ሳገላብጥ ብዙ ጊዜ አንድ ገጽ አገኛለሁ። ዳኛው "እስቲ ተነጋገሩ" ብለው ቀጠሮ ሰጥተዋል፤ በቀጠሮው ግራ ቀኙ ቀርበው "አልተስማማንም" ብለዋል። ከዚያ ገጽ በኋላ የሚከተለው ባብዛኛው ወጪ ነው፤ የባለሙያ ምርመራ፣ የምስክር አበል፣ የጠበቃ ገንዘብ፣ ይግባኝ። እኔ ግን ያኔ ክብደቱን ከመሸከም አልፎ የሚገባኝ ነገር አልነበረም።

ማታ ማታ ሕግ ተማርኩና ለአንድ ነጋዴ የውል ጉዳይ እከታተል ጀመር። ያ ሰው የእርቅ ሐሳብ በመጣለት ቁጥር ከት ብሎ ይስቅና "ፈርቷል ማለት ነው" ይል ነበር። የፈሩት ሁሉ እያሸነፉት ሲሄዱ ሥራውን ለቅቄ ከዚራ ውስጥ ቢሮ ወደነበራቸው ጋሽ መኮንን ዘንድ ሄድኩ።

ጋሽ መኮንን ረጅም፣ ባለ ባርኔጣ ሽማግሌ ጠበቃ ነበሩ። ሴት ደንበኛ ሁሉ ለሳቸው "ማዳም" ነች፤ እኔም ማዳም ነበርኩ። ድሬዳዋ አንቱታ ብዙም አይሆንላትም፣ እሳቸውን ግን ዳኛውም ባጃጅ ነጂውም አንቱ ይላቸው ነበር። አዲስ ደንበኛ ሲመጣ ሕግ አይጠቅሱም። ወንበር ስበው ፊት ለፊቱ ይቀመጡና "ነገሩ ዛሬ ቢያልቅ ምን ይዘህ ቤትህ ትገባለህ?" ይሉታል። መልሱ በየጊዜው ስለሚለወጥ ከችሎት በተመለሱ ቁጥር ደግመው ይጠይቃሉ። እኔ መጀመሪያ እርጅና መስሎኝ ነበር።

የእርቅ ሐሳብ ሲልኩ ደግሞ የራሳቸው አካሄድ ነበራቸው። መጀመሪያ ከደንበኛቸው ፈቃድ ይቀበላሉ፤ ለወዲያኛው ጠበቃም ይነግሩታል። ከዚያ ጫማቸውን አስጠርገው በጠዋት ወደ ባላጋራው ቤት በእግራቸው ይሄዳሉ። የቀረበላቸውን ይጠጣሉ፤ ስለ ልጆቹ ይጠይቃሉ። በዚያ ቀን ስለ ገንዘብ አንድ ቃል አይወጣቸውም። ተመልሰው መጥተው ነው ደብዳቤውን የሚጽፉት።

ደብዳቤው ታዲያ ቀልድ አልነበረም። ምን እንደምንሰጥ በግልጽ ይጻፋል። እስከዚያ ቀን የወጣውን ወጪ ይጨምር አይጨምር ይለያል። እስከ መቼ ጸንቶ እንደሚቆይ፣ ጥፋትን ማመን እንዳልሆነም ይነገራል። መጨረሻ ላይ አንድ መስመር አለች፦ ሐሳቡ ውድቅ ከተደረገ፣ ፍርድ ከተሰጠ በኋላ ስለ ወጪና ኪሳራ ብቻ ለፍርድ ቤቱ ይቀርባል። ይህችን መስመር "ጥርሷ" ይሏት ነበር። ሕጉ ወጪና ኪሳራን የተወው ለዳኛው ሚዛን ነው። ብዙ ጊዜ የተረታ ይከፍላል። ዳኛው ግን "ቀድሞ የቀረበልህን ብትቀበል ኖሮ ይህ ሁሉ ክርክር ባላስፈለገ" ብሎ ካመነ፣ የረታውንም ሊያስከፍል ይችላል።

አንድ ቀን "ደብዳቤው ይህን ሁሉ ከሠራ በዚህ ሙቀት ለምን ይንከራተታሉ?" አልኳቸው።

ባርኔጣቸውን እያወለቁ "ማዳም፣ ደብዳቤው ለዳኛው ነው" አሉ። "ለሰውየው ራሴ እሄዳለሁ።"

እሳቸው ካረፉ በኋላ ቢሮውን ይዤ ቀጠልኩ። ዘይነባ የመጣችው ያኔ ነው።

ዘይነባ ታይዋን በሚባለው የከተማችን ገበያ ውስጥ አባያና ሻርፕ ትሸጥ ነበር። ባሏ ሞቷል፤ ልጆቿ ተድረው ወጥተዋል። ከከዚራ ጥግ ካለው አሮጌ የድንጋይ ቤቷ ሌላ የቀራት ነገር ያቺው የገበያ ቦታዋ ናት። ጎረቤቷ ሐጂ ዑስማን የጅምላ ነጋዴ ነው። ሁለቱን ቤቶች የሚለያቸው አንድ ግድግዳ ነበር። በረመዳን ሳምቡሳው ከዚያ ወደዚህ፣ ከዚህ ወደዚያ ሲል የኖረ ጉርብትና ነው፤ ባሏ ሲሞት ገላውን ካጠቡት ሰዎች አንዱ ሐጂ ነበር።

ሐጂ በግቢው ፎቅ ሊሠራ መሠረት አስቆፈረ። ማሽኑ ቁፋሮውን አስጠግቶ ኖሮ የዘይነባ ግድግዳ ተደርምሶ መኝታ ቤቷ ላይ ወደቀ። እሷ ገበያ ነበረች። ተጠርታ ስትመጣ አልጋዋ ድንጋይ ለብሷል፤ ቤት ያስቀመጠችው አዲስ ዕቃ አፈር በልቶታል፤ ከአልጋዋ ራስጌ ቆማ የሐጂን ጓሮ ታያለች። ሐጂ ያን ዕለት ለዕቃ ጅቡቲ ወርዶ ነበር። ተመለሰ፤ ግን አልመጣም። በማግስቱም አልመጣም። ሠራተኞቹ ፍርስራሹን በሸራ ጋርደው ቁፋሯቸውን ቀጠሉ። ዘይነባ ጠበቀች፣ ጠበቀችና እኔ ዘንድ መጥታ "ክሰሽልኝ" አለች።

እኔም የጋሽ መኮንንን ጥያቄ ጠየቅኋት። "ዛሬ ቢያልቅ ምን ይዘሽ ትገቢያለሽ?"

"ግድግዳዬን" አለች። ትንሽ ቆይታ "ሰውም ይላክልኝ" አለች። ሽማግሌ ማለቷ ነው ብዬ አለፍኩት።

ክሱን ባስገባን በጥቂት ቀናት ውስጥ ዘይነባ ዓይኗ ቀልቶ ቢሮዬ ገባችና አንድ ፖስታ ጠረጴዛዬ ላይ ወረወረች። የሐጂ ጠበቃ ደብዳቤ ነበር። አነበብኩት፤ እውነቱን ለመናገር ቀናሁ። ግድግዳውን በአዲስ ድንጋይ እሠራለሁ፣ የተበላሸውን ዕቃ እከፍላለሁ፣ ቤቱ እስኪጠገን የምትቀመጥበትን እከራያለሁ ይላል። ጥርሷም መጨረሻው ላይ ቁጭ ብላለች። ክሱን ከማስገባቴ በፊት የእኛን ግድግዳ ፍርስራሽ በባለሙያ አሳይቼ ነበር፤ ሳይወድቅም የቆየ ስንጥቅ ነበረበት። ፍርድ ቤት ያንን ሲያይ እንደሚቀንስብን ግልጽ ነው።

"ፈርሚ ዘይነባ። ዳኛ ከዚህ በላይ አይሰጥሽም።"

"ወላሂ አልፈርምም።"

"ምን ጎደለው?"

"ታይዋን መሐል፣ ደንበኛ ፊቴ ቆሞ፣ አንድ ባጃጅ ነጂ 'ዘይነባ ማናት' እያለ እየጮኸ መጣ። ማኅተም ያለበት ፖስታ እጄ ላይ አስቀመጠ። መደዳው በሙሉ ዞሮ አየኝ። ያቺ ከጎኔ የምትሸጠው 'ዕዳ አለባት እንዴ' አለች፤ በጆሮዬ ሰማኋት።" "አቦ አልማዝ፣ ዑስማን ቤቴን ያውቀዋል። ግድግዳም የለን አሁን። ከጓሮው ሆኖ ቢጠራኝ እሰማዋለሁ።"

ስለ ጥርሷ ነገርኳት። ብናሸንፍም ከዚህ ያነሰ ካገኘን የሱን ወጪ ልትከፍይ ትችያለሽ አልኳት። በአማርኛ ነገርኳት፣ በማግስቱ ኦሮምኛዋን የሚያቀላጥፍ ሰው አምጥቼ ደግሜ አስነገርኳት። "ገብቶኛል፤ ያስከፍሉኝ" አለች።

ወደ ሐጂ ጠበቃ ሄድኩ። ብዙ የተማረ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። "ደብዳቤህ ጥሩ ነው፤ ሰውየውን ላከውና አንድ ጊዜ ደጇን ይርገጥ" አልኩት።

"አይሆንም" አለኝ። "መጥቶ ይቅርታ ከጠየቀ ጥፋቱን አመነ ልትሉን ነው። እሱ ከጅቡቲ የተመለሰ ዕለት ልሂድ ብሎ ነበር፤ እኔ ነኝ የከለከልኩት።"

በአንድ ሸራ ተለያይተው የሚያድሩ ሁለት ሰዎች መሐል የቆመው የሕግ ምክር ነው። ይቅርታ ቢጠይቅ በማስረጃነት አልጠቀምበትም፣ በምስክርነትም አልጠራውም ብዬ እንደምጽፍለት ነገርኩት። "ደንበኛዬን ለአደጋ አላጋልጥም" አለ። ለራሱ ደንበኛ የሚጠነቀቅ ጠበቃን እንዴት ይቆጡታል?

የደብዳቤው ጊዜ አለፈ። ክርክሩ እንደነዚያ ወፍራም መዝገቦች ሆነ። መሐንዲስ ተሾመ፤ ሐጂ ተቃወመ፤ ሌላ መሐንዲስ ተሾመ። ምስክር ይቀርባል፣ ዳኛ ይዛወራል፣ ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ይደረባል። ዒድ መጥቶ ዒድ ሲሄድ ከሸራው ወዲያና ወዲህ አንድ ሳህን አልተሻገረም። አንድ ጠዋት ከሁለተኛው መሐንዲስ ጋር ቤቷን ልናይ ገብተን ሳለ ከሸራው ማዶ ደረቅ ሳል ተሰማ። ዘይነባ ለመሐንዲሱ ሳይወድቅ በቀረው የግድግዳው ጫፍ ላይ ያለውን ስንጥቅ እያሳየች ነበር። ጣቷን ግድግዳው ላይ እንዳደረገች ቀስ ብላ "አልተሻለውም" አለችኝ። የከሰሰችውን ሰው ሳል እያዳመጠች ነው የምታድረው።

ፍርድ የተሰጠ ዕለት ችሎቱ ሞልቶ ነበር። ሐጂ በወዲያ በኩል፣ ዘይነባ ከኋላዬ። ዳኛው አነበቡ፤ ሐጂ ኃላፊ ነው ተባለ። ግድግዳው ግን ያረጀና አስቀድሞ የተሰነጠቀ ስለነበር ካሣው ተቀነሰ። ያገኘነው ከደብዳቤው በግልጽ ያነሰ ነበር። እንዲያም ሆኖ አሸንፈናል። እኔ የምጠብቀው ያቺን የለመድኳትን መዝጊያ ነው፦ "ከሳሽ የወጪና ኪሳራ ዝርዝር የማቅረብ መብቷ ተጠብቋል።" ቢከፋ ቢከፋ "ግራ ቀኙ ወጪና ኪሳራቸውን ይቻቻሉ" ይባላል። ይህን ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ።

የሐጂ ጠበቃ ተነሳና ፖስታውን አቀረበ። ዳኛው ከፍተው በዝግታ አነበቡት። ቀና ብለው "ለደንበኛሽ ደርሷታል?" አሉኝ።

"ደርሷታል ክቡር ፍርድ ቤት" አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ምክንያቷን ለማስረዳት ሞከርኩ፤ ስለ ገበያው፣ ስለ ባጃጁ፣ ስለ ጉርብትናው ተናገርኩ። ዳኛው በትዕግሥት ሰሙኝ። ከዚያ ከሳሽ በቂ የእርቅ ሐሳብ በጽሑፍ ደርሷት ውድቅ ስላደረገች፣ ደብዳቤው ከደረሳት ዕለት ጀምሮ ያለውን የተከሳሽ ወጪ እንድትሸፍን፣ ተከሳሽም ዝርዝሩን የማቅረብ መብቱ እንደተጠበቀ አዘዙ። ሲያነቡ ከሳሽና ተከሳሽ ተገለበጠባቸው ብዬ አሰብኩ። አልተገለበጠም። ጥርስ እንዳላት አውቃለሁ፤ ራሴም ስንት ደብዳቤ ላይ ጽፌያታለሁ። በዓይኔ ስትናከስ ግን አይቻት አላውቅም ነበር።

ኮሪደር ላይ ዘይነባ ክንዴን ጎተተችኝ። "አሸነፍን አይደል?"

"አሸነፍን።"

"ታዲያ ፊትሽ ምነው?"

ነገርኳት። የሐጂ ወጪ ተሰልቶ ሲመጣ፣ ለሷ ከተፈረደላት ጋር ተቀናንሶ ቀሪው እሷ ላይ ወደቀ። የሁለቱ መሐንዲሶች ክፍያና የዚያ ሁሉ ቀጠሮ የጠበቃ ገንዘብ ካሣዋን ውጦት አልፏል። አሸንፋ ባለዕዳ ሆነች። ይግባኝ እንበል፣ ዳኛው ሚዛኑን አጥብቀውታል ብዬ ለመንኳት። "በቃኝ" አለች። ቤቱ በሐራጅ እንዳይነካ ታይዋን ያለውን ቦታዋን ለቀቀች። የወሰደችው ያቺው "ዕዳ አለባት እንዴ" ያለችው ጎረቤቷ ነች። በሥራ ዘመኔ ብዙ ተረትቻለሁ፤ አሸንፌ እንዲህ የወደቅሁት ግን ያኔ ብቻ ነው።

ገንዘቡን ፍርድ ቤት አስገቢ ብላት እምቢ አለች። "የክፍያ ደረሰኝ ጽፈሽ ነገ ጠዋት ነይ" አለችኝ። ሄድኩ። ንጹሕ አባያ ለብሳ ጠበቀችኝ። ሸራውን ገልጣ ብትገባ ሦስት እርምጃ አይሞላም፤ እሷ ግን በራሷ በር ወጥታ፣ መንገዱን ዞራ፣ የሐጂን በር አንኳኳች።

ሐጂ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ነበር። ሲያያት ጫማውን ሳያደርግ ብድግ አለ። ሚስቱ ከውስጥ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። ዘይነባ ሰላምታ ሰጠች፤ ተቀመጪ ሳትባል ተቀመጠች፤ ገንዘቡን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አደረገች።

"ቁጠረው ሐጂ።"

"ዘይነባ፣ ወላሂ አልነካውም። እኔ ክፈይ አላልኩም። ጠበቃው ነው።"

"ጠበቃው ላንተ ነው የሠራው።"

"መልሰሽ ውሰጂው። አላህ ያውቃል፣ የመጣሁ ዕለት ልመጣ ነበር፤ አትሂድ አሉኝ።"

"ሰማሁ" አለች። "ፈርም።"

ወደኔ ዞራ አየችኝ። ደረሰኙን አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ሐጂ እሷን አየ፣ ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ። እኔ ዓይኔን ሰበርኩ። ፈረመ። ዘይነባ ወረቀቱን ተቀብላ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ለመነሳት ግን አልቸኮለችም።

ሐጂ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አላት። "ያኔ፣ ከጅቡቲ የመጣሁ ዕለት፣ ራሴ ደጅሽ ብቆም ስንት ትጠይቂኝ ነበር?"

ዘይነባ ጥያቄው የገባት አልመሰለችም። "ስንት ማለት?"

"ለግድግዳው። ለዕቃው። ስንት ብሰጥሽ ይበቃሽ ነበር?"

"ምንም" አለች። "'አፉ በይኝ' ትለኛለህ፣ አፉ እልሃለሁ። ከዚያ ድንጋዩን አብረን እናነሳለን። ሌላ ምን አለ?"

ሚስቱ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ሐጂ "ምንም?" ብሎ ደገመ፤ ለማንም አልነበረም። ክስ ጽፌያለሁ፣ መሐንዲስ አከራክሬያለሁ፣ ስለ ወጪና ኪሳራ በሁለት ቋንቋ አስረድቻታለሁ፤ የዚያ ሁሉ ክርክር ዋጋ ምንም እንደነበር የሰማሁት ከከፈለች በኋላ ነው። ዘይነባ አባያዋን ሰብስባ ተነሳች፤ እኔ ሐጂ ፊት ቁጭ ብዬ ቀረሁ።